የየኔታ አኩፋዳና የሆድ ቤተኞች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ጃንጥላም ጨመሩልኝ። የክፍላችን ኃላፊ ተነሥቶ፣ «እኅታችን ባንቻምላክ የማርቆስን ሰው ከሁላችንም በላይ ውስጡን ታውቀዋለች» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ነገር በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ። በጨዋ ቋንቋ ዓይነ ምድር ይሉታል። ለጋብቻ የታጨሁ ጊዜ አማቴ «ልጅቱ ምንድን ነው የምትሠራ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሽማግሌዎቹ «የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ብለው አለፉት እንጂ ከዚያ ወዲያ አልደፈሩም። ደመወዜን ያየ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ያችንም ቢሆን አጋነዋል ይል ነበር።

በዚያ ግብዣ ላይ ከፊት ያስያዝሁት አንድ ወንበር ባዶውን ዋለ። የጋሼ አንማው ወንበር ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አርጅተው ሉማሜ፣ አስፋልቱ ዳር ባለው ቤታቸው ይኖራሉ። ቀደም ሲል እመጣለሁ ብለውኝ ነበር። በማግሥቱ ልጃቸው ስንዱ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ።

«እትዬ ባንቼ፣ አባዬ አልሆነልኝም። እማዬ ካረፈች ወዲህ እህል አይቀምስም፣ ሰውም አያናግር። ስደውልለት ‹ሆዴ አይመቸኝም› ይልና ስልኩን ይዘጋዋል። ና እኔ ጋ ብለውም እምቢ አለ። እንዲህ ከሆነ አይከርምልኝም። እባክዎ እርስዎ ሄደው ይዩልኝ» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

ጋሼ አንማው ሰው አያናግሩም ሲባል ክው አልሁ። እኒያ ሰው እንኳን ከሰው፣ ከባክቴሪያ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጡ ነበሩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ የተመደብሁት በዲማ መንገድ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። መብራት የለም። ማይክሮስኮፓችን ከሥሩ መስተዋት አለው፤ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዙረን በፀሐይ ብርሃን ነው የምንሠራ። ክረምት ላይ ደመና ሲጥል በሽተኛው፣ ጋሼ አንማውና እኔ ደጃፍ ላይ ቆመን ሰማይ ሰማይ እናያለን። ፀሐይ ብቅ ስትል ጋሼ ካፖርታቸውን እየጎተቱ ወደ ውስጥ ይሮጣሉ፤ እኔ እከተላለሁ፤ በሽተኛውም ምን እንደ ተገኘ ሳያውቅ አብሮን ይሮጣል።

ናሙናው በክብሪት ቤት ይመጣል፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል። አንዳንዷ ሴት ደግሞ አፍራ ነጠላዋ ሥር ደብቃ ትቆይና የሚያያት ሰው ሲጠፋ ብቻ ታወጣዋለች። ጋሼ አንማው ከማንም ይሁን ከማን ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነው፤ አንገታቸውንም ሰበር ያደርጋሉ። የንግሥ ዕለት ጠበል ጻዲቅ እንደሚቀበል ሰው ነበር የሚመስሉት። አንድ ቀን ሳቄ ቢያመልጠኝ ቆጣ አሉ።

«ሰውዬው እኮ ሞቶ በእፍረት ነው የመጣው። በአንድ እጃችን እንደ ጉድፍ ብንቀበለው ዳግመኛ ይመጣል?»

ከዚያ በኋላ እኔም በሁለት እጄ መቀበል ጀመርሁ፤ ጓንት በመጣ ጊዜም አልተውሁትም።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። «ምን በሉ? ከማን ጋር በሉ? እንቅልፍዎስ?» ሳይሉ ናሙና አይነኩም። ምን በሉ የሚለው ገባኝ። ከማን ጋር የሚለውን ብጠይቃቸው፣ «ከአንድ ማዕድ የበላ ሁሉ መመርመር ስላለበት ነው» አሉኝ። እንቅልፉን ግን ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። «እንጃ፣ ሆዱን የሚያመው ሰው እንቅልፉንም ያመዋል፤ እንዲያው ልጠይቅ» አሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። በጠፍጣፋዋ ብርጭቆ አንድ ጎን የጨው ውሃ ጠብታ፣ በሌላው ጎን አዮዲን ይደረጋል። ናሙናው የሚወሰደው ከመካከሉ አይደለም፤ ንፍጥ ከያዘው ወይም ደም ከነካው በኩል፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ትንሽ ብቻ ነው። ሲበጠበጥ ደግሞ ልኩ አለ፤ ብርጭቆዋ ጋዜጣ ላይ ስትቀመጥ ፊደሉ በውስጧ መነበብ አለበት። ከወፈረ ምንም አይታይም፣ ከቀጠነ ደግሞ የሚፈለገው ያመልጣል። አሜባን ለማግኘት ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት፤ ከቀዘቀዘ መንቀሳቀሷን ትተውና ሳትታወቅ ታልፋለች። ጋሼ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እጄን በእጃቸው ይዘው ነው።

የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ስመለከት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዳር እስከ ዳር ደቃቅ ነገር ይርመሰመሳል። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ባለበት ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ ይኸ ሁሉ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ባክቴሪያዎች ናቸው። ቤተኞች ናቸው እነሱ፤ ከእናታችን ጉያ ጀምሮ አብረውን የኖሩ። እነሱን እለፊያቸውና እንግዳውን ፈልጊ።»

እንግዳ የሚሉት አሜባውን፣ ጃርዲያውን፣ የወስፋቱንና የኮሶውን እንቁላል ነው። እኔም ቤተኞቹን እያለፍሁ እንግዳ መፈለግ ለመድሁ። እሳቸው ግን እንዲያው ዝም ብለው አያልፏቸውም። ጠዋት የመጀመሪያዋን ብርጭቆ አስገብተው ጎንበስ ሲሉ «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ለእኔ መስሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ስመልስ፣ ቀና ብለው አይተውኝ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከጤና ጣቢያዋ ማዶ አንድ ቅኔ ቤት ነበር። መምህሩ የኔታ ጥበቡ ይባላሉ። ጋሼ አንማው በልጅነታቸው ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ጀምረው ነበር፤ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሄዱ። የኔታ ይህን አልረሱላቸውም። ባዩዋቸው ቁጥር፣ «አንማው፣ ቅኔውን ትተህ የምትመራመረው ይኸን ነው?» ይሏቸዋል። ጋሼም ጉልበታቸውን እየሳሙ «ይኸም ምሥጢር አለው የኔታ» ይላሉ። የኔታ ሲስቁ ሙሉ ሰውነታቸው ነው የሚስቀው።

የዚያ ቅኔ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነበር። ተማሪዎቹ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ይለምናሉ። ያገኙትን በአኩፋዳቸው፣ ከሣር በተሰፋችው የተማሪ መያዣ፣ ይዘው ይመለሳሉ። ሲመሻሽ ሁሉም አኩፋዳውን አንድ ገበታ ላይ ያራግፋል። የጤፉ፣ የገብሱ፣ የዳጉሳው፣ ትናንት የተጋገረውና የሰነበተው ሁሉ ይደባለቃል። የኔታ ይባርኩና መጀመሪያ እሳቸው ይቀምሳሉ፤ እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም እጁን አይሰድም። እየበሉ የተማሪውን ቅኔ ያርማሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የሰነፉን ጆሮ ይቆነጥጣሉ። ትምህርቱ ግማሹ በገበታው ላይ ነበር።

አንድ ዓመት የኔታን ሆዳቸውን አመማቸው። ናሙናውን አየን፤ አሜባ ነበር። መድኃኒት ተሰጣቸውና ዳኑ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰባቸው። እንደገና ታከሙ፤ እንደገና ተመለሰ። ተማሪዎቹ ደግሞ ከፍቅር የተነሣ ገበያ በወጡ ቁጥር ያችን ባለ ሁለት ቀለም ፀረ ተሕዋስያን እንክብል ከሱቅ እየገዙ «ለየኔታ» ብለው ያመጣሉ። የኔታ ሆዳቸው ባጉረመረመ ቁጥር አንድ ይውጣሉ። ይህን እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው።

በመጨረሻ ጋሼ አንማው፣ «ይኸ በሽታ የሚመጣ ከአኩፋዳው ነው። የስንቱ ቤት እጅ የነካው እህል ነው» አሉ። እኔም በሙሉ ልቤ ተስማማሁ፤ የተማርነውም ይኸንኑ ነው። ተማሪዎቹን ሰብስበን የኔታ ከእንግዲህ የተለመነ እህል እንዳይቀምሱ አዘዝን። አንዲት ጎረቤት ነጭ ሩዝና የስንዴ ዳቦ ልታቀርብላቸው ቃል ገባች። ለብቻቸው ሳሕን ተገዛ፣ ለብቻቸው ኩባያ ተገዛ። ሲመሻሽ የኔታ ከጎጇቸው ደጃፍ ቆመው የተማሪዎቹን ገበታ ይባርኩና ወደ ውስጥ ገብተው፣ በራቸውን ዘግተው ሩዛቸውን ይበላሉ። ሁሉም ሰው ለየኔታ አንድ ነገር ያደረገ መስሎት ደስ አለው።

ናሙናው ንጹሕ መጣ። በሚቀጥለውም ጊዜ ንጹሕ ነው። እኔ ኮራሁ።

የኔታ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ሆዳቸው ይነፋል፣ እንቅልፍ አጡ፣ በትንሽ ነገር ዕንባቸው ይመጣል። አንድ ቅኔ ጀምረው መካከሉ ላይ ይጠፋባቸዋል፤ ያን ጊዜ በራሳቸው ይናደዳሉ። አንድ ተማሪ አንዲት ቃል ቢስት በመቋሚያቸው አባረሩት። ጆሮ መቆንጠጥ እንጂ ማባረር በቤታቸው ታይቶ አይታወቅም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር መሄድ ጀመሩ።

አንድ ቀን ጋሼ አንማው የየኔታን ናሙና ከወትሮው ረዘም አድርገው ተመለከቱ።

«ባንቼ፣ ነይ እይ እስኪ። ቤተኞቹ ሳስተዋል።»

አየሁ። የቅዳሜ ገበያ ይመስል የነበረው ቦታ ጭር ብሏል። እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል ጋሼ? ንጹሕ ሆኑ ማለት ነው» አልሁ።

«እንጃ» አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤተኛ የሌለበት ቤት ጥሩ ነው ይባላል?»

እዚያ አካባቢ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም፤ የሚያነቡትም መጽሐፍ አልነበረም። ለአንድ የከተማ ሐኪም ሰው ልከው ቢያማክሩ፣ አሜባ ከሌለ ሰውዬው ድኗል የሚል መልስ መጣላቸው። በዚያው ሰሞን የኔታ ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው አምበር ከተማ ወዳሉት እኅታቸው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። ቅኔ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ አንማው በማግሥቱ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉና ሰላምታ ሳይሰጡ ሥራ ጀመሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ያን ቤት የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉኝ፤ እኔም እንደሆንሁ ብነግራቸው አልሰሙኝም። በሥራ ዘመኔ በሽተኛ ሲሞት አይቻለሁ፣ አልቅሻለሁም። ያ ቅኔ ቤት ጭር ብሎ ሳየው የተሰማኝን ያህል የከበደኝ ግን የለም።

ዓመቱ ሳይዞር ወደ አምበር ተዛወርሁ። ጋሼ አንማው አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። መኪናው ሲመጣ፣ «አምበር የኔታ አሉ። ናሙናቸውን ሳይሆን እሳቸውን እይልኝ» አሉኝ።

የአምበሩ አለቃዬ ጥብቅ ሰው ነበር። «ያንቺ ሥራ እዚህ ወንበር ላይ ነው፤ ሰው ቤት መዞር አይደለም» ይለኝ ነበር። ኋላ የገዛ እናቱ ሲታመሙ እኔኑ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስወጣ እንዳላየ ይሆናል። እግዜር ይስጠው።

የኔታ ከእኅታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ግቢ፣ መደብ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር ያገኘኋቸው። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

«የኔታ፣ ሆድዎ እንዴት ነው?»

«የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ሆዴም፣ እኔም።»

እርጎ ቢቀምሱ አልሁ። ሁዳዴ ነበር። ያዩኝ አስተያየት ዛሬም ትዝ ሲለኝ አንገቴን ያስደፋኛል።

የሆነው ነገር የሆነው በዚያው ጾም ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ብሄድ ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። ዲያቆን ፈንታሁን፣ የኔታን ተክቶ ተማሪ ያስጠና የነበረው ትልቁ ተማሪ፣ የቀሩትን ሰብስቦ መጥቷል።

«የኔታን ፍለጋ ነው የመጣን» አለኝ። «ሌላ ቤት ገብተን ነበር። ቅኔው ይገባናል፤ እህሉ ግን አልወርድ አለን።»

በአምበር ሲለምኑ ውለው አኩፋዳቸውን የእትዬ ጥሩነሽ ገበታ ላይ አራገፉ። ጎረቤትም በቅል ስልጆ ጨምራላቸዋለች፤ ያ ከባቄላና ከሱፍ ተሠርቶ በስናፍጭ የሚቦካው የጾም ማባያ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ቆመ። ማንም አልነካም።

«ብሉ እንጂ» አሉ የኔታ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«እርስዎ ሳይቀምሱ?» አለ ፈንታሁን።

«ተከልክያለሁ።»

«እንግዲያስ እኛም አንበላም የኔታ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ከልካይዋ እኔ ነኛ። ብፈቅድና አሜባው ቢመለስ ያ አካል ሌላ ተቅማጥ አይችልም፤ በእጄ ገደልኋቸው ማለት ነው። ብከለክል ደግሞ ተማሪዎቹ ጦማቸውን አድረው ነገ ይሄዳሉ፤ የኔታም እንደዚያው ግድግዳውን እያዩ ያልቃሉ። እሳቸውን እይልኝ ያሉኝ ጋሼ አንማው ትዝ አሉኝ። የኔታን አየኋቸው። አፍንጫቸው ወደ ገበታው ዞሯል።

«ይቅመሱ» አልሁ። «ነገር ግን እኔም ትእዛዝ አለኝ። ውሃው ይፈላ። ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከስልጆው በቀር ወጥ ነክ ነገር እሳት ሳያየው እንዳይቀርብ። ያች ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ደግሞ ካለች አሁኑኑ ለእኔ ትሰጠኝ።»

የኔታ እጃቸውን ከትራሳቸው ሥር ሰደዱና በጨርቅ የተቋጠረች እንክብል አውጥተው፣ ጥፋት ላይ እንደ ተያዘ ልጅ እያዩኝ ሰጡኝ። ከዚያ ተነሥተው ታጠቡ፣ ባረኩ፣ አንድ ቁራሽ አነሡ። ሳይጎርሱ አሸተቷት።

«ይህች የገብስ ናት። እርሾዋ የቆየ ነው፤ ጋጋሪዋ ጎበዝ ናት» አሉ። ሌላዋን አነሡ። «ይህችስ? ዳጉሳ አለባት።» ቁራሿን ስልጆው ውስጥ አጥቅሰው ጎረሱ፤ ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ተማሪዎቹ ሲደነግጡ «ስናፍጩ ነው፣ ስናፍጩ ነው» እያሉ ፊታቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ፈንታሁን ግን ዞር ብሎ ሲያለቅስ ስናፍጭ አልቀመሰም ነበር።

ተአምር ሆነ እንዳልላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዳቸው እንዲያውም ብሶ ተነፋ፤ እኔም እህል አልበላ አለኝ። በየሳምንቱ ናሙናቸውን በትኩሱ እየተቀበልሁ አሜባ ፍለጋ ዓይኔ እስኪፈዝ እመለከታለሁ። አልመጣችም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ የኔታ ከመደባቸው ሆነው አረሙት። ሌላ ቀን ጆሮውን ቆነጠጡት፤ ተማሪው በደስታ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ሌሊቱን ተኝተው ማደር ጀመሩ፤ እትዬ ጥሩነሽ ማንኮራፋታቸውን የምሥራች ብለው ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ብርጭቆዋን አስገብቼ ብመለከት፣ ከዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል።

ለጋሼ አንማው ሰው ላክሁ። በገበያ ቀን መጡ። የየኔታን ጉልበት ስመው፣ ወንበሬን ተቀብለው መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዞሩ፤ ጎንበስ አሉ። እኔ ከኋላ፣ የኔታ ከደጃፉ ቆመናል። ብርጭቆዋን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ተመለከቷት።

«እንደምን ከረማችሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አንማው፣ ማንን ነው ሰላም የምትል?» አሉ የኔታ።

«ቤተኞችዎን ነው የኔታ።»

የኔታ ሙሉ ሰውነታቸው ሳቀ። ቅኔ ቤታቸውን አምበር ላይ እንደገና ከፈቱ፤ እስኪያርፉም ድረስ ከአኩፋዳው ቀመሱ። ወደ ማርቆስ ስዛወር የራሳቸውን የተማሪነት አኩፋዳ ለመታሰቢያ ሰጥተውኝ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኋት።

ማርቆስ ለረጅም ዘመን ሠራሁ። የኤሌክትሪክ ማይክሮስኮፕ መጣ፣ ኋላም ኮምፒውተሩ መጣ። በመጨረሻው ዘመኔ አንዲት ወጣት ሐኪም ሥልጠና ሰጠችን። በአንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እህላችንን አብረው እንደሚፈጩ፣ በሽታ እንደሚከላከሉልን፣ በነርቭና በደም በኩል ከአንጎል ጋር እንደሚነጋገሩ፣ እንቅልፋችንንና ስሜታችንን ሊነኩ እንደሚችሉ አስረዳች። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደጋገም እንደሚመናመኑ፣ የምግብ ዓይነት ሲበዛ እንደሚበዙም ነገረችን። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ዕንባዬን በነጠላዬ እጠርጋለሁ።

ሲያበቃ ጠጋ ብዬ የየኔታን ታሪክ ነገርኋት። አልሳቀችብኝም። «በአንድ ሰው ላይ በታየ ነገር ይኸ ነው ያዳናቸው ብዬ አልነግርዎትም» አለችኝ። «እንክብሉ መቆሙ ይሆናል፣ እርሾው ይሆናል፣ ተማሪዎቻቸው መመለሳቸውም ይሆናል። ገና የማናውቀው ይበልጣል። ግን ስለ አኩፋዳው እንደገና ይንገሩኝ።» እንደገና ነገርኋት። ያን ዕለት ለጋሼ አንማው ደውዬ ሁሉንም ባወራላቸው፣ «እለፊያቸው ያልሁሽ እኔ ነኝ እኮ» ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

አሁን ወደ ሉማሜ ልመለስ። ስንዱ በደወለች ማግሥት አውቶቡስ ይዤ ሄድሁ። ጋሼ አንማው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ጠረጴዛው ላይ ስንዱ የምትልከው የታሸገ ብስኩትና በሙቅ ውሃ የሚበላ ፓስታ ተከምሯል። እጄን ከትራሳቸው ሥር ብሰድ የእንክብል ከረጢት አገኘሁ።

«ጋሼ! እርስዎም?»

«ሆዴን ሲያመኝ ምን ላድርግ» አሉ።

ይዣቸው ማርቆስ ሄድሁ። ያችው ሐኪም ደማቸውንም ስኳራቸውንም ሁሉንም መረመረች፤ ክፉ ነገር አልተገኘም። እንክብሉን ከለከለች፤ ልዩ ልዩ እህል፣ የቦካ ነገር፣ ከሰው ጋር እንዲበሉ መከረች። ጋሼ እሺ እሺ አሉና ቤታቸው ሲደርሱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ብቻዬን ለማን ብዬ ልቁረስ ባንቼ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለችውን አኩፋዳ አወረድሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ በሰፈሬ ከደጅ ደጅ ዞርሁ። የጎረቤቶቼን ጉድ ባያችሁ። «ባንቼ፣ ጡረታው አልበቃ አለሽ እንዴ?» ይሉኛል። ነገሩን ስነግራቸው አንዷ የነጭ ጤፍ፣ አንዷ የዳጉሳ፣ አንዷ የገብስ እንጀራ ሰጠችኝ። ፍልሰታ ስለነበር ስልጆም በብልቃጥ አገኘሁ። እንዲህ ለማኝ ሆኜ ሉማሜ ወረድሁ።

የታሸገውን ሁሉ ከጠረጴዛው አነሣሁና አኩፋዳዬን አራገፍሁ። ጋሼን ደግፌ አስቀመጥሁ፤ እጃቸውን አስታጠብሁ፤ እኔም ታጥቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ። ገበታውን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። እኔ እጄን እንደ ሰበሰብሁ ነኝ።

«ብይ እንጂ» አሉ።

«እርስዎ ሳይቀምሱ?»

ያን የአምበሩን ነገር ስንት ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉና አንዲት ቁራሽ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ልክ ከበሽተኛ እንደሚቀበሉት አነሡ። አሸተቷት።

«ይህች ዳጉሳ ናት» አሉ። «እርሾዋም ቆየት ያለ ነው።»

ስልጆው ውስጥ አጥቅሰው ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡ። ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ስናፍጩ ነው አላሉኝም። ከዚያ ወደ ሆዳቸው ጎንበስ ብለው፣

«እንደምን ከረማችሁ» አሉ።

ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መለስሁላቸው።